ሰፊ ጎማና ሦስት ሽማግሌ

በቦታው የነበርነውን አስቀድሜ በስም ልጥራ። ከዚያን ቀን ወዲህ "እኔም ነበርኩ" የሚለው ሰው በጣም በዝቷል፤ ሁሉም እውነታቸውን ቢሆን ኖሮ የእንጦጦ መንገድ ተዘግቶ ይውል ነበር።

ቀሲስ ተክሌ ነበሩ፤ የኮተቤው ሰፈራችን ቄስ፣ ከነጥምጥማቸውና ከነመስቀላቸው ሃምሳ አምስት ኪሎ ቢሞሉ ነው። ጋሽ በላይነህ ነበሩ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አስተማሪ የሚሆኑ ሰዎችን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ መቶ ኪሎን ካለፉ የቆዩ፣ በዚህም ምክንያት ጉልበታቸውን የሚያማቸው። አባባ ቱፋ ነበሩ፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ፣ አሁን ሚስማርና ሲሚንቶ የሚሸጡ፣ በአማርኛ ቀልደው በኦሮምኛ የሚደነግጡ ጎረቤታችን፤ እሳቸውም ቀላል ሰው አይደሉም። አቶ ደምሴ ነበሩ፤ የምህረት አባት፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ምህረት ነበረች፤ ከመስኮት ጀርባ ብትሆንም ነበረች። መኪናዬ ነበረች። በመጨረሻም እኔ ነበርኩ፤ እዚያ መታየት ያልነበረብኝ ብቸኛ ሰው።

ለምን መታየት እንዳልነበረብኝ ልናገር። ሦስቱ ሰዎች ሽማግሌዎቼ ናቸው፤ ምህረትን ለእኔ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ሽማግሌ የላከ ሰው ደግሞ አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። ግን የጋሽ በላይነህ ጉልበት ከሚኒባስ ጋር አይስማማም። በመኪናዬ እንዳደርሳቸውና ከአጥሩ ርቄ አንገቴን ቀብሬ እንድጠብቅ ተወሰነ። ሁለቱም ነገር ተጀመረ፣ አንዱም እንደታሰበው አልተፈጸመም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አቶ ደምሴ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምህረትን ሁልጊዜ የማወርዳት ታች አስፋልቱ ላይ ነው፤ ቤታቸው ድረስ ወጥቼ አላውቅም። አንድ ቀን ታዲያ አባቷ ከዳቦ ቤት ሲወጡ መኪናዬን አይተዋታል። ማታ በስልክ እየሳቀች ነገረችኝ።

"'ይቺ በብስክሌት ጎማ የምትሄደው መኪና የማን ናት?' አለኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"የሥራ ባልደረባ አልኩት። ግን አባዬን አታውቀውም፤ ሰውን የሚያየው ከጎማው ጀምሮ ወደ ላይ ነው።"

እሷ ቀልዳ ወደ እራቷ ሄደች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሥራዬ የመሥሪያ ቤት ፕሪንተር መጠገን ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ ቡሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ መልሼ በመግጠም ተማርኩ። እንዲህ ያለ ሰው ቀልድ ሲነገረው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መለካት ነው።

ጠዋት ወጥቼ አየሁ። ሰውየው እውነታቸውን ነው። የመኪናዬ ጎማ ቀጭን ነው፤ 155 ይላል፤ ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው፤ ስፋቱ አምስት ኢንች። ቸርኬ መለወጥ አልፈለግሁም፤ ያ የባለጌ ልጅ ጨዋታ ይመስለኛል፣ አብረቅራቂ ነገር ለብሶ ሽማግሌ መላክም አያምርም። ስለዚህ በዚያው ቸርኬ ላይ የሚገባ ሰፊ ጎማ ፍለጋ ገባሁ። አንድ ሳምንት ቪዲዮ አየሁ፤ ሰንጠረዥ ገለበጥኩ። 185 የሚባለው ከአራት ኢንች ተኩል እስከ ስድስት ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። የእኔ መሐል ላይ ናት። በአንድ ጎማ ሠላሳ ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ማለትም በውጭ በኩል አሥራ አምስት፣ በውስጥ በኩል አሥራ አምስት። ከካርቶን መለኪያ ቆርጬ ከጎማው ጎንና ከላይ ከሚከልለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው፣ መካከል እያስገባሁ ሃያ ሦስት ቦታ ለካሁ። በሁሉም ቦታ ሰባት ሚሊ ሜትር ይተርፈኛል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ "7" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመርኩበት። ትልልቅ ስህተቶቼ ሁሉ ከሥራቸው ሁለት መስመር አላቸው።

ጎማ የሚገጥምልኝ ኮተቤ መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ፣ ጌታነህ ነው። ደብተሬንና ሜትሬን ይዤ ስደርስ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ወንድሜ፣ ጎማ ልታስገጥም ነው ሱሪ ልታሰፋ?"

"ጎማ።"

"እና ሜትሩ ምን ያደርጋል?"

ሰባቷን ሚሊ ሜትር አሳየሁት። በቅባት ጣቱ ነካት፣ እስካሁን አሻራው አለ።

"ሰው ጭነህ ለክተሃል?"

"የመኪናዋ ስፋት በሰው ይለወጣል?"

"እሷ አትለወጥም፤ ትቀመጣለች እንጂ። ሁለት ወፍራም ሰው ከኋላ አስቀምጥና ለካ።"

ይህን ሲል አጠገቡ ያለቀ ጎማ ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ደንበኛ ተነሥቶ "እኔ ልቀመጥልህ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። የማላውቀውን ሰው "ወፍራም ነህና ግባልኝ" ማለት ከእኔ አይወጣም። "ደህና ነው፣ ግጠመው" አልኩ። አራቱም ገቡ። መኪናዋ ትከሻዋን የነፋች ጎረምሳ መሰለች። ብቻዬን ሆኜ ከኮተቤ ሲ.ኤም.ሲ ደርሼ ተመለስኩ፤ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ አዞርኳት፤ ድምፅ የለም። ያን ቀን ከእኔ በላይ የረካ ሰው በየካ ክፍለ ከተማ አልነበረም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቼ በራችን ላይ ተሰበሰቡ። ጎማው ሳይሆን ወንበሩ ነው መጀመሪያ የጎዳኝ።

"ጋሽ በላይነህ፣ ከፊት ይግቡ" አሉ ቀሲስ።

"ኧረ አባ! መስቀል የያዙ ሰው ከኋላ እኔ ከፊት? ይህማ አይሆንም።"

"ጉልበትዎን ያምዎታል እኮ።"

"ቢያመኝስ! አባባ ቱፋ፣ አንተ በዕድሜ ትበልጣለህ፣ ግባ።"

"እኔ? በሞትኩት! አባ እያሉ?"

እኔ በሆዴ ጋሽ በላይነህን ወደ ፊት እየጎተትኩ ነበር። ሩብ ሰዓት ከተገባበዙ በኋላ ክብር አሸነፈ፦ ሃምሳ አምስት ኪሎ ከፊት ተቀመጠ፤ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆነው ከኋላ። መኪናዋ ከኋላ ዝቅ ስትል አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሣች። ልቤ ያኔ ነው "ጌታነህ" ያለው።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ከኋላ "ሽርርርት" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ያ ዋቃ!" አሉ አባባ ቱፋ አምላካቸውን ጠርተው። "ካፖርቴ ተቀደደ?" ብድግ ብለው ኋላቸውን ዳሰሱ።

በሁለተኛው ጉብታ "ሽርርርርት።"

ጋሽ በላይነህ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ይህ ድምፅ ከመኪናዋ ነው ከቱፋ?"

"ጎማው ነው፣ ጋሼ።"

"ምን ሆኖ?"

"ሰፍቶ።"

ሰው ፊት አራት ቃል ተናግሬ ስለማላውቅ ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

ሜዳው ላይ ጉብታ ብቻ ነበር ችግሩ። ከፈረንሳይ ሰፈር የምህረት ቤት ወዳለበት ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስንጀምር ግን መንገዱ ይጠማዘዛል፤ መኪናዋ ወደ ግራ ስትዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የፓራፋንጎው ከንፈር በቀኙ ጎማ ላይ ይወርዳል። ወደ ቀኝ ስትዞር ግራው ይጮኻል። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ገባ። ቀሲስ ተክሌ በመስቀላቸው መስኮቱን ባረኩና ከፈቱት።

ጋሽ በላይነህ መምህር ናቸው፤ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። "ወደ ግራ ሲዞር እኛ ወደ ግራ እንጋደም!" ብለው አዘዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በዚህ ሥርዓት ነበር። እኔ "ግራ" እላለሁ፤ ሁለት ሽማግሌ ተደራርበው ወደ ግራ ይወድቃሉ፤ ቀሲስም ብቻቸውን ላለመቅረት ይጋደማሉ። "ቀኝ" እላለሁ፤ አባባ ቱፋ ከጋሽ በላይነህ ሥር "ቀስ፣ ጎድኔን!" እያሉ ይወጣሉ። ፍጥነታችን የእግረኛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሁለት እናቶች ቀድመውን አለፉ፤ አንደኛዋ ዞር ብላ "እግዜር ይርዳችሁ" አለችን።

ከአንዱ ኩርባ ላይ ቀኙ ጎማ መጮኹን ትቶ መጨስ ጀመረ። ሜዳ ቢጤ ቦታ አግኝቼ አቆምኩ።

"ምን ያህል ቀረን?" አሉ ጋሽ በላይነህ።

አባባ ቱፋ አቶ ደምሴን ከድሮ ያውቋቸዋል። "በመንገዱ ተራራውን ዞረን ነው። አሥር ደቂቃ በእግር።"

"በእግር እኔን አትጠብቁኝ።"

"እኔም ልሂድ ብል አይሆንም" አሉ አባባ ቱፋ። "ደምሴ ሾፌር ነው እኮ! መኪና መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ሽማግሌ ምን ብሎ ሊሰማ ነው? 'ልጃችሁ እናንተን ያላደረሰ ልጄን የት ሊያደርስ ነው' ነው የሚለን።"

ትክክል ናቸው። ቀጠሯችን አምስት ሰዓት ነበር፤ አርባ አምስት ደቂቃ ይቀረናል። እዚያች ኩርባ ላይ ምህረት ከእጄ እያመለጠች ነበር፤ ያመለጠችውም በሰባት ሚሊ ሜትር።

እንግዲህ ቪዲዮ የማየት ጥቅሙ እዚህ ላይ መጣ። የፓራፋንጎው ከንፈር ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ አለው፤ ጎማውን የሚበላው እሱ ነው። በጎማውና በጠርዙ መካከል ክብ እንጨት አስገብተህ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋት እንጨቱ እየተንከባለለ ጠርዙን ወደ ላይ ያስተኛዋል። ክብ እንጨት ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ቀና ስል የአባባ ቱፋ የወይራ ዱላ ፊቴ ቆሟል።

"አባባ፣ ዱላውን..."

"ዱላውን ምን?"

አስረዳሁ። በሕይወቴ ረጅሙ ንግግሬ ነው።

"በደህና ጊዜ ሽማግሌ ያለ ዱላ አይሄድም፤ አንተ በዱላው መኪና ልትደበድብ ነው?"

"አልደበድብም። ይንከባለላል።"

"ስጠው ቱፋ" አሉ ጋሽ በላይነህ። "ዱላህ ነው ወይስ ልጁ የሚያሳዝንህ?"

አባባ ቱፋ ዱላቸውን ስመው ሰጡኝ።

ሥራው እንዲህ ተከፈለ። ጋሽ በላይነህ ከኋላ ወንበር ላይ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ፤ ክብደት ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተውም የእጅ ፍሬን ይይዛሉ። "ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ 'ውፍረት ቀንስ' ስባል ኖሬ ዛሬ ውፍረቴ ተፈለገ" አሉ በደስታ። አባባ ቱፋና ቀሲስ ይገፋሉ። እኔ ተንበርክኬ ዱላውን እይዛለሁ። ቀሲስ ተክሌ ካባቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"ወደ ፊት!" አሉ ጋሽ በላይነህ ከወንበራቸው።

"ገፋን!"

"ወደ ኋላ!"

"ጋሽ በላይነህ፣ ፍሬኑን ይልቀቁት እንጂ! ሰው እየገደሉ እኮ ነው" አሉ ቀሲስ።

ዱላው ተንከባለለ። ቆርቆሮው "ቀጭ" አለ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጠርዙ ተኝቷል፤ ለስልሷል። ደስ ሲለኝ ድምፅ አላወጣም፤ ብቻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ወደ ግራው ጎን ዞርን። ጋሽ በላይነህም ወንበራቸውን ቀየሩ። ገና አንድ ጊዜ እንደገፉ ከሰማይ ድምፅ መጣ።

"ዱላውን ዝቅ አድርገው! ቀለሙን ልታነሣው ነው!"

ቀና አልን። ከራሳችን በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የቆርቆሮ አጥር አለ። ከአጥሩ በላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ተደግፎ ያየናል። መንገዱ ተራራውን ዞሮ የሚደርስበት ቤት፣ ለካ በቁሙ ከኩርባችን በላይ ነው። አጠገቡ ባለው መስኮት መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መጋረጃው ይስቅ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቀሲስ ተክሌ ሁለት እጃቸው መኪናዋ ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። አባባ ቱፋ "ያ ዋቃ" አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

አቶ ደምሴ በቀጭኗ መንገድ ቁልቁል መጡ። ከላይ ሙሉ ልብስ፣ ከታች ነጠላ ጫማ።

አባባ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። "ደምሴ፣ ገና አልደረስንም። አላየኸንም።"

"አላየሁም" አሉ አቶ ደምሴ። "ጎማ ነው ያየሁት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ይህስ ማነው?"

ከመኪናዋ ውስጥ የጋሽ በላይነህ ድምፅ መጣ፤ "ሾፌራችን ነው!"

ቀሲስ ሳል ያዛቸው።

"እህ። ሾፌር፣ ይህን ጎማ ማን መረጠው?"

"እኔ።"

"በምን መረጥክ?"

ደብተሬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ሃያ ሦስቱን ልኬት አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ አነበቡ። እኔ ተንበርክኬ እንደነበርኩ ነኝ፤ መነሣት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

"ባዶ መኪና ነው የለካኸው።"

"አዎ።"

"ጎሚስታው አልነገረህም?"

አባባ ቱፋ ከኋላቸው ሆነው በዓይናቸውም በራሳቸውም "አልነገረኝም በል" ይሉኛል። ቀላል ነበር። ጌታነህ ኮተቤ ነው፤ አይሰማም።

"ነግሮኛል። ሰው አስገብተህ ለካ ብሎኝ ነበር። ሰው መጠየቅ አፍሬ ነው።"

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ስኖር" አሉ፣ "ጥፋቱን ጎሚስታው ላይ ያልደፋ ሾፌር አላጋጠመኝም።" ኮታቸውን አወለቁና ለቀሲስ አስያዙ። "ዱላውን አምጣ። ከዚህ ዝቅ አድርገህ፣ ጫፉን በጉልበትህ ደግፍ። እናንተ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ማነው እዚያ ውስጥ የሚጮኸው?"

"እኔ ነኝ፣ በላይነህ። ገና አልደረስኩም።"

ግራው ጎን ከቀኙ አምሮ ተኛ። ከዚያ አቶ ደምሴ የኋላውን በር ከፍተው፣ "ጠጋ በሉ" ብለው ከሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ገቡ። "ንዳ። እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥተህ ተመለስ። እሰማለሁ።"

የሚጠየቀው አባት ከጠያቂዎቹ ሽማግሌዎች መሐል ተጨንቆ ተቀምጦ፣ ላኪው እየነዳ፣ ተራራ የተወጣበት ሌላ ሽምግልና ካለ ንገሩኝ። ከኋላ ሦስት መቶ ኪሎ ሊሆን ምንም አልቀረው። "ግራ" አላልኩም፤ "ቀኝ" አላልኩም። አቶ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘንብለዋል። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ላልፈው ስል "ግባበት!" አሉኝ። ገባሁበት። ድም አለ፤ ወጣን። ሽርርት የለም። መኪናዋ ዳገት እንደዚያ መሬት ይዛ ወጥታ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወርደን ተሳለምን። ሌሎቹ ምን ብለው እንደተሳለሙ አላውቅም፤ የእኔን ግን አውቃለሁ።

ስንመለስ አቶ ደምሴ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ላይ አስቆሙኝ። "እኔ በጓሮ እገባለሁ። እናንተ በሰዓታችሁ አንኳኩ" ብለው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ሽማግሌዎቼ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አባባ ቱፋ ዱላቸው ላይ ያለውን የጎማ ጥቁረት በምራቅ አሹት። አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ በሩ ተከፍቶ አቶ ደምሴ፣ አሁን ጥቁር ጫማ አድርገው፣ "እንዴ! እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ!" ሲሉ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ "ቤተሰብ ላማክር፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ" ተብሎ ነው የሚሸኘው። ያንን ጠብቄ ነበር። መሪውን ይዤ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ አርባ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ከዚያ እልልታ ሰማሁ። እልል የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ለአንድ ሰው ግን በጣም ብዙ ነበር።

አቶ ደምሴ ራሳቸው ወጥተው የመኪናዋን መስኮት አንኳኩ።

"ሾፌር። ወርደህ ግባ፤ ምሳ ቀርቧል። እኔ ሾፌር ነበርኩ፤ በእኔ ቤት ሾፌር ውጭ ተቀምጦ እንግዳ አይበላም።"

ገባሁ። ማንም ያላከበረውን ሥርዓት ሁሉ አክብሬ፣ በሾፌርነት፣ ከሁሉም በታች ተቀመጥኩ። ምህረት እጄን ስታስታጥበኝ ውኃው ከእጄ ይልቅ እጅጌዬ ላይ ይፈስ ነበር፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

እንግዲህ እኔ ያየሁት ይህን ነው። እኔ መኪና ውስጥ ሳለሁ ቤት ውስጥ የተባለውን ከጋሽ በላይነህ ነው የሰማሁት። አቶ ደምሴ "ቀጠሮ ብሰጣችሁ ቀሲስን እንደገና መኪና ላስገፋ ነው፤ ይህን ኃጢአት አልሸከምም፤ ሰጥቻለሁ" ብለዋል ይላሉ። ሌላም ነገር ካለ እርስዎ ይጨምሩበት፣ ጋሼ። አባባ ቱፋ መኪናዋን አሥራ አንድ ጊዜ ገፋን ይላሉ፤ በደብተሬ ያለው ሰባት ነው፤ የጎደሉትን አራቱን የሚያስታውሱ ከሆነ ያስመዝግቡ። ቀሲስ፣ "ሾፌራችን ነው" ሲባል የሳሉት እውነት ጉንፋን ይዞዎት ነበር? ጌታነህም ያልነበረበትን ነገር አውርቶ ስለማይጨርስ፣ እሱ ዝም ይበል። ምህረት፣ አንቺ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆመሽ ነበር። አባትሽ ከአጥሩ ላይ ሆነው፣ ቁልቁል ከመውረዳቸው በፊት፣ ዞረው አንድ ነገር ብለውሻል፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እስካሁን ስጠይቅሽ ትስቂያለሽ እንጂ አልነገርሽኝም። ከዚህ በታች ሦስት መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ ጻፊበት።